ከሰፈር ውጭ ሰባት ቀን

ስለ ጦር ሰዎች የኅሊና ቍስልና ስለ ሠራዊት ካህናት አገልግሎት፥ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 31 ላይ የተጻፈ ሐተታ።

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 31 የተጻፈው የምድያም ጦርነት ብዙ ጊዜ ስለ ድሉና ስለ ምርኮው ይነበባል። እኛ ግን ዛሬ የምንመረምረው ከድሉ በኋላ የሆነውን ነው። ሙሴ ከየነገዱ አንድ አንድ ሺህ፥ በድምሩ 12,000 ሰው ለጦር አዘጋጀ፤ የካህኑን የአልዓዛርን ልጅ ፊንሐስንም ንዋየ ቅድሳቱንና መለከቶቹን አስይዞ ከእነርሱ ጋር ሰደደ። ሠራዊቱ ድል አድርጎ በተመለሰ ጊዜ ሙሴና አልዓዛር የማኅበሩም አለቆች ሊገናኙአቸው ከሰፈር ውጭ ወጡ፤ ወደ ሰፈር ግን ወዲያው አላስገቧቸውም። ሰው የገደለ፥ የሞተውንም የነካ ሁሉ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ እንዲቀመጥ፥ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን እንዲነጻ፥ በሰባተኛውም ቀን ልብሱን አጥቦ እንዲገባ ታዘዘ።

በምዕራፉ መጨረሻ ደግሞ የሻለቆችና የመቶ አለቆች ወደ ሙሴ ቀርበው ሠራዊቱን ቢቈጥሩ አንድ ሰው ስንኳ እንዳልጐደለ ነገሩት። ነገራቸውን ግን በደስታ ብቻ አልፈጸሙትም፤ ለነፍሳቸው ማስተስረያ ይሆን ዘንድ 16,750 ሰቅል የሚመዝን ወርቅ ለእግዚአብሔር አቀረቡ። እንግዲህ ጦርነቱ በትእዛዝ ከሆነ፥ ድሉም ፍጹም ከሆነ፥ ከወገንም ሰው ካልጐደለ፥ የሚነጻው ምንድር ነው? የሚሰረየውስ ምንድር ነው? የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ በዚህ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው።

በዚሁ ምዕራፍ በምርኮኞች ላይ የተፈረደው ፍርድ አንባቢን የሚያስጨንቅ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ያ ጭንቀት ራሱ ለያዝነው ነገር ምስክር ይሆናል፤ ከብዙ ዘመን በኋላ በብራና ያነበበ ሰው ልቡ ከተጨነቀ፥ በእጁ ያደረገውና በዓይኑ ያየው እንዴት ይሆን?

ሰባቱ ቀን ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ሕጉ ወታደሩን እንደ ነፍሰ ገዳይ ስለ ቈጠረው አይደለም፤ የነፍሰ ገዳይ ፍርድ ሌላ ነበርና። ሞትን የነካ እጅ ከዚያው ሰዓት ጀምሮ ልጅ እንዲያቅፍና ማዕድ እንዲቈርስ የሰው ልብ ስለማይችል፥ በጦር ሜዳና በቤት መካከል ቀን አኖረለት። አንድም፥ ሰፈሩ እንዲያውቅ ነው፤ በቤት የቀረው ሕዝብ ወንድሙ ከምን እንደ ተመለሰ ሳያስብ በከበሮና በእልልታ ብቻ ቢቀበለው፥ ተመላሹ የልቡን የሚነግረው ሰው ያጣልና። አንድም፥ መንገዱን ለማሳየት ነው፤ ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ፥ ካህን ሳይለየው፥ የሚገባበት ቀን ተቈርጦለት ተቀመጠ። መግቢያው ያልተነገረ መገለል ቅጣት ነው፤ መግቢያው የተነገረ መገለል ግን የመመለሻ ጐዳና ነው።

ካህኑ አልዓዛር ስለ ምርኮው ዕቃ የተናገረውም ምሥጢር አለው። ወርቅና ብር፥ ናስና ብረት፥ ቈርቈሮና እርሳስ እሳትን የሚችሉ ናቸውና በእሳት እንዲያልፉ አዘዘ፤ እሳትን የማይችለው ግን በውኃ እንዲያልፍ አዘዘ። ይህ ለነፍስ አባቶች ታላቅ ትምህርት ነው። ሁሉም መንጻት ይገባዋል፤ ሁሉም ግን በአንድ መንገድ አይነጻም። ጠንካራ ተግሣጽ የሚያጠራው ሰው አለ፤ ተግሣጽ የሚያቃጥለው፥ በእንባና በዝግታ ብቻ የሚነጻ ሰውም አለ። ካህን ይህን ሳይለይ ቀኖና ቢሰጥ፥ ሊያነጻው የመጣውን ዕቃ ያጠፋዋል።

የንጉሡ የዳዊት ታሪክ ይህን ነገር በሁለት ወገን ያሳያል። በአንድ ወገን፥ በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ ምዕራፍ 22 እንደ ተጻፈው፥ ዳዊት ብዙ ደም በማፍሰሱና ታላላቅ ጦርነት በማድረጉ ቤተ መቅደስን እንዳይሠራ ተከለከለ፤ ሥራው ለሰላም ልጅ ለሰሎሞን ተሰጠ። የዳዊት ጦርነት ሁሉ በደል ነበር አልተባለም፤ እርሱም ከእግዚአብሔር ፊት አልተጣለም፤ ለቤቱ ወርቁንና ዝግባውን እንዲያከማች ተፈቅዶለታልና። በሌላው ወገን ኦርዮን በጦር ግንባር ያስገደለበት ነገር አለ፤ ይህ በጦር ልብስ የተሸፈነ ግድያ ነው። ነቢዩ ናታን ወደ እርሱ በሄደ ጊዜ ክሱን አስቀድሞ አልተናገረም፤ ስለ ድኻውና ስለ አንዲቱ በግ ነግሮ፥ ዳዊት ፍርዱን በራሱ አፍ እንዲፈርድ አደረገው። መዝሙረ ዳዊት 50 ከዚያ የወጣ የንስሐ ጩኸት ነው። እንግዲህ የጦርን ሰው የሚሰማ ካህን እነዚህን ሁለቱን መለየት አለበት፤ በግዳጅ የመጣውን የደም ኀዘንና በፈቃድ የተደረገውን በደል። ለሁለቱም መድኀኒት አለ፤ መድኀኒቱ ግን አንድ አይደለም።

ይህ ነገር በኦሪት ብቻ አልቀረም። ከዚህ በታች የሚነገረው የውጭ አገር ታሪክ ዓመቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። በ374 ዓ.ም. ገደማ ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ ለኢቆንዮን ኤጲስ ቆጶስ ለአምፊሎክዮስ በጻፈው ቀኖናዊ መልእክት፥ ቀደምት አባቶች በጦርነት የተደረገውን መግደል እንደ ነፍስ ግድያ እንዳልቈጠሩት፥ ለንጽሕናና ለሃይማኖት የተዋጉትን ይቅር ማለታቸው እንደ ሆነ ያስረዳል፤ ይሁን እንጂ እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ለሦስት ዓመት ከሥጋ ወደሙ ብቻ ቢከለከሉ መልካም ሳይሆን አይቀርም ብሎ ይመክራል። አነጋገሩን ልብ እንበል። ነፍሰ ገዳይ አላላቸውም፤ ንጹሓን ናችሁም አላላቸውም። ከጸሎትና ከጉባኤ አላወጣቸውም፤ የቍርባኑን ቀን ግን አዘገየላቸው።

ከዚህ በኋላ ስድስት መቶ ዓመት ያህል አልፎ፥ ከ963 እስከ 969 ዓ.ም. በቍስጥንጥንያ የነገሠው ኒቂፎሮስ ፎቃስ በጦርነት የወደቁት ወታደሮች ሁሉ እንደ ሰማዕታት እንዲከበሩ ቤተ ክርስቲያንን ጠየቀ። ፓትርያርኩ ፖልዩክቶስና ኤጲስ ቆጶሳቱ ግን ይህን የቅዱስ ባስልዮስን ቃል ጠቅሰው እምቢ አሉ። ንጉሡ ለወታደሮቹ ክብር መፈለጉ አያስነቅፈውም። ነገር ግን የቆሰለ ኅሊና በአክሊል አይፈወስም፤ በልቡ የሚከሰስ ሰው ሕዝብ ሁሉ ቅዱስ ቢለው፥ የሚናዘዝበትን በር ዘጋበት እንጂ አላሳረፈውም።

በምዕራብ ወገን ደግሞ የሠራዊት ካህን የሚጠራበት ቻፕሌን የሚለው ስም ከአንድ ወታደር ልብስ የመጣ ነው። ቅዱስ ማርቲኖስ ዘቱር በሮማውያን ጦር ውስጥ ሳለ መጐናጸፊያውን በሰይፉ ለሁለት ከፍሎ እኩሌታውን ለራቁት ድኻ ሰጠ፤ ኋላም ጦርን ትቶ መነኰሰ። የፍራንክ ነገሥታት ያን መጐናጸፊያ፥ በላቲን ቋንቋ ካፓ የሚባለውን፥ ወደ ጦር ይዘው ይወጡ ነበር፤ የሚጠብቁት ካህናትም በእርሱ ስም ተጠሩ። ሰይፍ መጐናጸፊያን ለድኻ የከፈለበት ታሪክ ለሠራዊት ካህናት ስም መሆኑ ያለ ምክንያት አይመስለንም። በ742 ዓ.ም. ገደማ በካርሎማንና በኤጲስ ቆጶሱ በቦኒፋስዮስ ጊዜ የተሰበሰበው የጀርመን ጉባኤ ካህናት የጦር መሣሪያ እንዳይዙና እንዳይዋጉ ከለከለ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የጦር አለቃ የሚናዘዙትን ሰምቶ ቀኖና የሚሰጥ አንድ ካህን ከእርሱ ጋር እንዲኖረው ፈቀደ። ስለዚህ የሠራዊት ካህን ሥራ ከመጀመሪያው ኑዛዜ መስማት ነበረ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚደንቀው ግን በእንግሊዝ አገር የሆነው ነው። የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም በ1066 ዓ.ም. በሄስቲንግስ ጦርነት ድል አድርጎ እንግሊዝን ያዘ። የሮማው ፓፓ ለዚያ ዘመቻ ድጋፉን ሰጥቶ ነበር። ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመት በኋላ፥ በ1070 ዓ.ም. ገደማ፥ የኖርማንዲ ኤጲስ ቆጶሳት ያወጡትን የንስሐ ሥርዓት የፓፓው መልእክተኛ ኤርመንፍሪድ አጸናው፤ ንስሐውም ለድል አድራጊዎቹ ነበረ። በዚያ ጦርነት ሰው የገደለ ስለ እያንዳንዱ ሰው አንድ ዓመት ንስሐ ይገባ ዘንድ፥ መትቶ መሞቱን ያላወቀ ስለ እያንዳንዱ አርባ ቀን፥ ቍጥሩን የማያውቅ በሕይወቱ ዘመን ሁሉ በየሳምንቱ አንድ ቀን፥ ወይም ቤተ ክርስቲያን በመሥራት ወይም ርስት በመስጠት እንዲቤዠው ታዘዘ። ቀስተኞች ደግሞ ፍላጻቸው በማን ላይ እንደ ወደቀ ስለማያውቁ ሦስት የአርባ አርባ ቀን ጾም ተቈረጠላቸው። ንጉሡ ዊልያምም ጦርነቱ በሆነበት ቦታ ገዳም ሠራ። ይህ ሥርዓት በሂሳብ የተቈጠረ ይመስል ይሆናል፤ ልቡ ግን ጥልቅ ነው። አላውቅም ለሚለውም ሰው መንገድ አበጀለትና፤ ከሩቅ የወረወረ እጅም የራሱ ሸክም እንዳለው ዐወቀለትና።

በኋለኛው ዘመን ግን ይህ ሥርዓት እየተረሳ ሄደ። ነገሥታት ብዙ ሠራዊት በሕግ እየጻፉ ማዝመት ከጀመሩ በኋላ፥ ካህኑ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው ለማበረታታት ሆነ፤ ወደ ጦር ሲወጡ ይባርካል፥ የወደቁትን ይቀብራል፥ ለድሉ ምስጋና ያደርሳል፤ የተመለሰውን ሰው ግን ከሰፈር ውጭ ቆሞ የሚጠብቀው ጠፋ። ከ1914 እስከ 1918 ዓ.ም. በሆነው ታላቅ ጦርነት ከየአገሩ ብዙ ካህናት ከወታደሮች ጋር ዘመቱ፤ ከእነርሱም መካከል የተረሳውን ሥራ ያነሡ ነበሩ። በታኅሣሥ 1915 ዓ.ም. ፊልጶስ ክሌይተንና ኔቪል ታልቦት የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የሠራዊት ካህናት ከኢፕር ግንባር በስተኋላ ባለችው በፖፐሪንግ ከተማ፥ በቤልጅግ አገር፥ አንድ ቤት ከፈቱ። ታልቦት ሃውስ ተባለ፤ በዚያው ዓመት በጦርነቱ የሞተው የኔቪል ወንድም መታሰቢያ ነው። በዚያ ቤት የማዕረግ ልዩነት አልነበረም፤ ጄኔራሉና ተራው ወታደር በአንድ ማዕድ ይቀመጡ ነበር። በሰገነቱ ላይ የጸሎት ቤት ነበረ፤ መንበሩም የአናጢ መሥሪያ ጠረጴዛ ነበረ። ወደ ጕድጓዱ የሚመለሰውና ከጕድጓዱ የወጣው በዚያ እየወጣ ይጸልይ ነበር። የዚያ ቤት ጥቅም ምንድር ነው ቢሉ፥ በእሳትና በቤት መካከል የምትገኝ ስፍራ መሆኑ ነው፤ ይኸውም በሙሴ ጊዜ ከሰፈር ውጭ የነበረው ስፍራ ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው የካህኑን የራሱን ቍስል ያሳያል። በ1945 ዓ.ም. ጊዮርጊስ ዛቤልካ የሚባል የካቶሊክ ካህን በቲንያን ደሴት የአሜሪካን አየር ኃይል ሰዎች ያገለግል ነበር። ከዚያች ደሴት የተነሡት ሰዎች በነሐሴ ወር በ6ኛው ቀን በሂሮሺማ፥ በ9ኛውም ቀን በናጋሳኪ ላይ የአቶም ቦምብ ጣሉ፤ ናጋሳኪም በጃፓን የካቶሊክ ክርስቲያኖች እጅግ የበዙባት ከተማ ነበረች። ዛቤልካ በዚያን ጊዜ ዝም አለ። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ዝምታው ራሱ በደል እንደ ነበረ፥ የሕፃናትና የሴቶች መገደል ኀጢአት መሆኑን ለእነዚያ ሰዎች መናገር ይገባው እንደ ነበረ በአደባባይ ተናዘዘ፤ በ1992 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስም ይህንኑ ሲመሰክር ኖረ። ከዚህ የምንማረው፥ የካህን ሥራ ከተመለሱ በኋላ መስማት ብቻ አለመሆኑን ነው። ፊንሐስ ከሠራዊቱ ጋር የሄደው መለከት ይዞ ነው፤ መለከት ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። ኋላ ቀኖና የሚሰጥ አፍ፥ አስቀድሞ አታድርጉ ማለት ይገባዋል።

አሜሪካውያን በቬትናም ያደረጉት ጦርነት ለእነርሱ በ1973 ዓ.ም. ካበቃ በኋላ የተመለሱት ወታደሮች ብዙዎቹ እንቅልፍና ሰላም አጡ። ሐኪሞች ይህን ከፍርሃትና ከድንጋጤ የመጣ ደዌ አድርገው መረመሩት፤ ብዙውንም ረዱት። በዚያ ጦርነት የሠራዊት ካህን የነበረው ዊልያም ማሄዲ ግን እነዚህን ሰዎች ሲሰማ ቈይቶ በ1986 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ የችግራቸው ሥር የነፍስ ነገር መሆኑን፥ ስለ እግዚአብሔርና ስለ በደል የሚጠይቅ ልብ መሆኑን ገለጠ። በቦስተን ያከማቸው ሐኪሙ ዮናታን ሼይም በ1994 ዓ.ም. ታሪካቸውን ከሆሜር ጀግና ከአኪሌስ ታሪክ ጋር አነጻጽሮ፥ የታመነ አለቃ ጽድቅን በከዳ ጊዜ በወታደር ልብ የሚደርሰውን ስብራት የኅሊና ቍስል አለው። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ብሬት ሊትዝና ባልደረቦቹ ነገሩን አስፍተው፥ ቍስሉ ሰው ኅሊናው የማይፈቅደውን በማድረጉ፥ ማስቀረት ሲገባው ባለማስቀረቱ ወይም ሲደረግ በማየቱ እንደሚመጣ አስረዱ። እነሆ፥ ሙሴ የገደለውንም የሞተውን የነካውንም በአንድነት ከሰፈር ውጭ ማስቀመጡ ምን ያህል ጥልቅ እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል።

ይህን ቍስል የያዘ ሰው ከሁለት ወገን በሚመጣ ስሕተት ይጐዳል። አንደኛው፥ ታዘህ ነው፥ ምንም አላደረግህም የሚለው ነው፤ ይህ ደግ ቃል ይመስላል፤ ሰውየው ግን የሚያውቀውን ያውቃልና፥ ሊናገር የከፈተውን አፍ ይዘጋዋል። ሁለተኛው፥ አንተ ርጉም ነህ የሚለው ነው፤ ይህም ሰውየው አስቀድሞ በራሱ ላይ የፈረደውን ፍርድ ማጽናት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ወደ ስካር፥ ከቤተ ሰብ ወደ መለየት፥ ከዚያም ብሶ ራስን ወደ ማጥፋት ይወስዳል። የሠራዊት ካህን መንገድ በሁለቱ መካከል ነው። ሳይቸኵል ይሰማል፤ የሰማውን አያሳንስም፤ ከዚያም የመግቢያውን ቀን ይነግራል።

በፊላዴልፊያ ከተማ በሚገኘው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ከ2010ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የሚደረገው ሥራ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ካህንና የነፍስ ሐኪም አብረው የቆሰሉትን በጥቂት በጥቂቱ ሰብስበው ለብዙ ሳምንት ይሰሟቸዋል፤ በመጨረሻም በሆስፒታሉ የጸሎት ቤት ሕዝብ ተጠርቶ ወታደሮቹ ያዩትንና ያደረጉትን ይመሰክራሉ። ሕዝቡም ወደ ጦር የላክናችሁ እኛ ነንና ሸክሙ የሁላችን ነው ብሎ ከእነርሱ ጋር ይካፈለዋል። ይህ የአለቆቹን ወርቅ ያስታውሰናል፤ ማስተስረያውን ያቀረቡት አዛዦቹ ነበሩና፥ ተራው ወታደር ብቻውን እንዲሸከም አልተተወምና።

እንግዲህ ወደ እኛ እንመለስ። በአገራችን ታቦትና ካህን ከሠራዊት ጋር መውጣቱ የታወቀ ነው፤ በ1888 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፥ በዐድዋ ጦርነት፥ አቡነ ማቴዎስ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ዘምተዋል፥ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦትም ወጥቷል። ከዚህም በላይ ሌሎች አገሮች በብዙ ድካም የሚያበጁትን እኛ ከአባቶቻችን ተቀብለነዋል፤ ይኸውም የንስሐ አባት ነው። ወታደሩ ከጦር ሲመለስ የሚያውቀው፥ እናቱንና ልጆቹን የሚያውቅ፥ ምሥጢሩን የሚጠብቅለት አባት በደጁ አለ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን በሆነው ጦርነት፥ ከዚያም ወዲህ ሰላም በታጣበት ስፍራ ሁሉ፥ በየወገኑ ተሰልፈው የተመለሱ ብዙ ልጆች አሉን። አንዳንዱ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር በር ቆሞ ይሳለማል፥ ወደ ውስጥ ግን አይገባም። ለምን እንደማይገባ የጠየቀው አለን?

ስለዚህ እናንተ የነፍስ አባቶች ሆይ፥ እርሱ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ሙሴና አልዓዛር ሊገናኙአቸው ወጡ እንጂ በድንኳን ተቀምጠው አልጠበቁምና። በመጣም ጊዜ በየትኛው ወገን እንደ ነበረ አስቀድማችሁ አትጠይቁት፤ ስንት ገደልህ ብላችሁም አትመርምሩት። እርሱ እስከ ተናገረው ድረስ ስሙት፤ ዝም ቢልም ከዝምታው ጋር ተቀመጡ። ቀኖናውን እንደ ልቡ አቅም መጥኑ፥ እሳት የሚችለውን በእሳት፥ የማይችለውን በውኃ፤ በጾምና በስግደት ብቻም ሳይሆን፥ የሙት ልጅ በማሳደግ፥ የፈረሰ ቤት በመሥራት፥ ለበደለው በመካስ ይሁን፤ ያጠፋ እጅ መልካም ሲሠራ ይፈወሳልና። እንቅልፉን ላጣውና ሞትን ለተመኘው ሐኪም ጥሩለት፤ ይህ የእምነት ጕድለት አይደለም። ከሁሉም በላይ የመግቢያውን ቀን ቍረጡለት።

እናንተም የጦር አለቆችና የሕዝብ መሪዎች ሆይ፥ ሠራዊታችሁን ቈጥራችሁ ማንም አልጐደለም ብትሉ፥ በአካል ተመልሶ በነፍሱ ያልተመለሰውን አልቈጠራችሁትም። የእስራኤል አለቆች ድል አድርገው ሳሉ ስለ ነፍሳቸው ካሰቡ፥ እኛ ወንድም ከወንድሙ ጋር ከተዋጋ በኋላ እንዴት አናስብም?

ሰባተኛው ቀን ሲደርስ ያ ወታደር ልብሱን አጥቦ ይመጣል። በዚያን ቀን የሰፈሩ በር ተከፍቶ፥ ካህኑም በደጁ ቆሞ ይገኝ ዘንድ እግዚአብሔር ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።